ያልተለመነ ምሕረት፦ የባይረን ማንፍሬድ በቻይኮቭስኪ ሲምፎኒ ውስጥ

ናክሶስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው አንድ ሲዲ ላይ፣ የሮያል ሊቨርፑል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በቫሲሊ ፔትሬንኮ መሪነት የተጫወታቸው ሁለት የፒዮትር ኢሊች ቻይኮቭስኪ ሥራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ሥራዎች ከሥነ ጽሑፍ የተወለዱ ናቸው፤ አንደኛው በሎርድ ባይረን ድራማዊ ግጥም ላይ የተደረሰው የማንፍሬድ ሲምፎኒ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ፖላንዳዊው ባለቅኔ አዳም ሚትስኪየቪች የጻፈውንና አሌክሳንደር ፑሽኪን ወደ ሩሲያኛ የመለሰውን ትረካዊ ግጥም መነሻ ያደረገው ቮየቮዳ ነው። በመጀመሪያው ታሪክ ንስሓ አልገባም ያለ ኃጢአተኛ በሰላም ይሞታል፤ በሁለተኛው በደለኞችን ሊቀጣ የተነሣ ባል ቅጣቱን ባዘዘበት ቅጽበት ራሱ ይገደላል። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲደመጡ የሚያነሡት ጥያቄ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ የተከራከሩበት ነው፦ ምሕረት ላልለመነው ሰው ሊሰጥ ይችላልን? ቢሰጠውስ፣ ሰው እንቢ የማለት መብቱን አይነጠቅምን? ደግሞስ የሚምረው ማን ነው፤ እግዚአብሔር፣ የተበደለው ሰው ወይስ ታሪኩን በራሱ መንገድ የሚጨርሰው የጥበብ ሰው?

ሲምፎኒ ማለት በአብዛኛው በአራት ክፍሎች ተከፍሎ በሙሉ ኦርኬስትራ የሚቀርብ ረጅም የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሮማንቲክ የሚባሉት ቀማሪዎች ይህን ቅርጽ ከግጥም፣ ከተውኔትና ከልቦለድ ጋር አዛምደው፣ አድማጩ ታሪኩን የሚከታተልበት አጭር ማብራሪያ በሙዚቃው መግቢያ ላይ ያኖሩ ጀመር፤ ይህ ዓይነቱ ድርሰት ፕሮግራም ሙዚቃ ይባላል። ከዚህ መንገድ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ኤክቶር በርሊዮዝ በ1834 ከባይረን ሌላ ግጥም በመነሣት ሀሮልድ በኢጣሊያ የተባለውን ሲምፎኒ ደርሷል። የሀንጋሪው ተወላጅ ፍራንዝ ሊስት ደግሞ የዳንቴን መለኮታዊ ኮሜዲ ሲቀምር ሲኦልንና መንጽሔን በኦርኬስትራ ብቻ ሣለ፤ ወዳጁ ሪቻርድ ቫግነር ገነትን በሙዚቃ መግለጽ ለሥጋ ለባሽ እንደማይቻል ስለነገረው ግን ሦስተኛውን ክፍል ትቶ በምትኩ ሥራውን በጸሎተ እግዝእትነ ማርያም መዝሙር ደመደመ። ሊስት ሰማይ ደጃፍ ሲደርስ ቃልን መልሶ ጠራ ማለት ነው። ቻይኮቭስኪ በማንፍሬድ መጨረሻ ላይ ይህን አላደረገም፤ ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው ክርክር ሁሉ የሚነሣውም ከዚሁ ነው።

ባይረን ግጥሙን የጀመረው በ1816 ሲሆን፣ ያ ዓመት ከሚስቱ ተለያይቶ፣ በእናት ከማትገናኘው እኅቱ ጋር ስላለው ግንኙነት በተወራው ሐሜት ተከቦ፣ እንግሊዝን ላይመለስባት የወጣበት ዓመት ነበር። በዚያ በጋ፣ በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ከአንድ ዓመት በፊት በረጨው አመድ ምክንያት አውሮፓ ፀሐይ አጥታ ሳለ፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ አንድ ወዳጁ የጀርመናዊውን ባለቅኔ የጎተን ፋውስት እያነበበ በቃል ሲተረጉምለት ሰማ፤ ከዚያም የአልፕስን ተራሮች ዞረ። ማንፍሬድ ከዚህ ሁሉ የተወለደ ነው። ባለታሪኩ በአልፕስ ተራሮች መካከል በግንብ የሚኖር፣ በድብቅ ጥበብ መናፍስትን የሚያዝ ባላባት ሲሆን፣ ያፈቀራትና በፍቅሩ ያጠፋት አስታርቴ የምትባል ሴት ትዝታ ዕረፍት ነስቶታል። ኃጢአቱ ምን እንደሆነ ባይረን በግልጽ አይናገርም፤ የሥጋ ዘመዱ መሆኗን ግን ያመለክታል። ማንፍሬድ መናፍስቱን የሚለምናቸው ሀብት ወይም ሥልጣን ሳይሆን መርሳትን ነው፤ እነርሱም ይህን ሊሰጡት አይችሉም። ከገደል ራሱን ሊወረውር ሲል አንድ የአውሬ አዳኝ ይይዘዋል። በመጨረሻም አሪማኔስ ወደተባለው የክፋት አለቃ አዳራሽ ይወርዳል፤ ይህ ስም በጥንታዊው የፋርስ የዞሮአስተር ሃይማኖት የበጎው አምላክ ባላጋራ ከሆነው ከአህሪማን የመጣ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚያስፈልጉት ሁለት ትዕይንቶች ናቸው። በአሪማኔስ ዙፋን ፊት መናፍስቱ ሁሉ እንዲሰግድ ሲያስገድዱት ማንፍሬድ አልሰገደም፤ የአስታርቴ ጥላ ተጠርታ በቆመች ጊዜ ግን ይህ ለማንም ያልተንበረከከ ሰው ይቅር ብላው እንደሆነ እንድትነግረው ይማጸናታል። እርሷ የምድራዊ መከራው ፍጻሜ ነገ መሆኑን ብቻ ነግራው፣ ስሙን ጠርታ ትጠፋለች፤ ስለ ይቅርታው አንዲት ቃል አትመልስም። ስለዚህ ማንፍሬድን ይቅርታ የማይለምን ትዕቢተኛ ብሎ ማለፍ ግጥሙን ሳያነቡ መፍረድ ይሆናል፤ የበደላትን ለምኗል፣ መልስ አላገኘም። ሁለተኛው ትዕይንት የቅዱስ ሞሪስ ገዳም አበምኔት ወደ ግንቡ መጥቶ ንስሓ እንዲገባ የሚመክርበት ነው። ማንፍሬድ ሽማግሌውን ያከብረዋል፣ ሐሳቡን ግን አይቀበልም፤ ነፍሱን ሊወስድ የመጣውንም ጋኔን እንዲሁ ያባርረዋል፣ ምክንያቱም ፈራጁም ቀጪውም የራሱ አእምሮ እንጂ ከውጭ የሚመጣ ገዢ አይደለም ብሎ ያምናል። ከሰማይም ከሲኦልም የተለየ ሰው ሆኖ፣ በመጨረሻዋ ትንፋሹ ላይ ግን የአበምኔቱን እጅ ይዞ ይሞታል።

የዚህ ፍጻሜ ታሪክ ራሱ የሚያስገርም ነው። ባይረን መጀመሪያ የጻፈው ሦስተኛ ክፍል አበምኔቱ የሚዘበትበት ነበር፤ ተቺዎች ሲነቅፉት ራሱም አምኖበት እንደገና ጽፎ፣ ሽማግሌውን ዛሬ የሚታወቀውን ርኅሩኅና ቁም ነገረኛ ሰው አደረገው። በ1817 ግጥሙ ሲታተም ደግሞ አሳታሚው ጆን መሪ ማንፍሬድ ሲሞት ለአበምኔቱ የሚናገራትን የመጨረሻ ንግግር አስቀረው፤ ባይረንም የግጥሙን ኃይልና ትምህርት በሙሉ እንዳጠፋበት ገልጾ በቁጣ ጻፈለት። አንዲት ስንኝ ብትጎድል ሰውየው ደፋር ሆኖ መሞቱ ወይም ተሸንፎ መሞቱ እንደሚለወጥ ባለቅኔው ያውቅ ነበር። የማንፍሬድ አሟሟት ከመጀመሪያው ጀምሮ ሌሎች እጅ የሚያስገቡበት ስፍራ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከግጥሙ እስከ ሲምፎኒው ያለው መንገድ ረጅም ነው። በርሊዮዝ በ1867 እና በ1868 መካከል ሩሲያን ለሁለተኛ ጊዜ በጎበኘ ማግሥት፣ የኪነ ጥበብ ሐያሲው ቭላዲሚር ስታሶቭ በማንፍሬድ ላይ የሚደረስ ባለአራት ክፍል ሲምፎኒ ንድፍ አዘጋጀና ለቀማሪው ሚሊ ባላኪሬቭ ላከው፤ ባላኪሬቭ ለበርሊዮዝ አቀረበው፤ በርሊዮዝ አርጅቶና ታምሞ ስለነበር አልተቀበለም፤ በ1869 ሞተ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ባላኪሬቭ ንድፉን ለቻይኮቭስኪ አቀረበ። ቻይኮቭስኪ መጀመሪያ ነገሩ አልሳበውም ነበር፤ በ1884 መገባደጃ ላይ ግን በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ወዳጁን ሊጠይቅ ወደ ስዊዘርላንድ ዳቮስ ሄዶ፣ በዚያው በአልፕስ በረዶ መካከል ግጥሙን አነበበ። በቀጣዩ ዓመት ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ሠርቶ ጨረሰው፤ በመጋቢት 1886 ሞስኮ ውስጥ በማክስ ኤርድማንስደርፈር መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ።

ሲምፎኒው አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በመጀመሪያው ክፍል ባስ ክላርኔትና ባሱን የተባሉት ወፍራም ድምፅ ያላቸው የትንፋሽ መሣሪያዎች ያለ አጃቢ የሚያሰሙት ቁልቁል የሚወርድ ዜማ የማንፍሬድ ዜማ ሲሆን፣ በአራቱም ክፍሎች ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው ክፍል በፏፏቴ ርጭት ውስጥ ከቀስተ ደመና የምትወጣውን የአልፕስ መንፈስ፣ ሦስተኛው የተራራ ሰዎችን ቀላል ኑሮ ይሥላሉ፤ ሁለቱም እጅግ ያማሩ ቢሆኑም ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ስለሌላቸው ሊታለፉ ይችላሉ። አራተኛው ክፍል የአሪማኔስ ምድር ውስጥ አዳራሽ ነው፤ በዚያ የስካር ጭፈራ አለ፤ ይህ ጭፈራ ከባይረን የመጣ አይደለም፣ ይልቁንም የበርሊዮዝ ሀሮልድ በሽፍቶች ፈንጠዝያ መደምደሙን ያስታውሳል። ከዚያ የአስታርቴ ዜማ ይመለሳል፤ ማንፍሬድ ይሞታል፤ በዚያው ጊዜ እስከዚያ ድረስ ያልተሰማው ኦርጋን በድንገት በሙሉ ኃይሉ ይገባል። በመጨረሻዎቹ ገጾች በታችኞቹ ድምፆች ውስጥ ዲየስ ኢሬ፣ ማለትም የምዕራባዊት ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙታን በምትጸልይበት ሥርዓት የምታዜመው የቁጣ ቀን መዝሙር፣ ይታወሳል፤ ሲምፎኒው ግን በቁጣ አያልቅም፣ ከሐዘኑ ማይነር ቅኝት ወጥቶ በሜጀር ቅኝት ቀስ እያለ ይረጋጋል። ከባላኪሬቭና ከስታሶቭ ጀምሮ የሚነበበው ማብራሪያ ስለ ጥላዋ መጠራትና ስለ ማንፍሬድ ሞት ይናገራል፤ የነፍሱን ዕረፍት በድምፅ የሚያሰማው ደግሞ ኦርጋኑ ነው።

ይህን መሰል ፍጻሜ የሞከረው ቻይኮቭስኪ የመጀመሪያው አይደለም። ጀርመናዊው ቀማሪ ሮበርት ሹማን በ1848 ለዚሁ ግጥም ሙዚቃ ሲጽፍ፣ ማንፍሬድ በሚሞትበት ሰዓት ከገዳሙ የፍትሐት መዝሙር እንዲሰማ አድርጓል። ይህ ሙዚቃ ከግጥሙ ጋር በ1852 በቫይማር በሊስት መሪነት በመድረክ ቀረበ፤ በኋላ ግን አንድ ተቃዋሚ ተነሣበት። ፈላስፋው ፍሪድሪክ ኒቼ ከልጅነቱ ጀምሮ ማንፍሬድን ከፋውስት አብልጦ ይወድ ነበር፤ ሹማን ባለታሪኩን አለስልሶታል ብሎ ስላመነ፣ በቁጣ ተነሣሥቶ በ1872 የራሱን የማንፍሬድ ሙዚቃ ለፒያኖ እስከ መጻፍ ደረሰ። የኦርኬስትራ መሪው ሀንስ ፎን ቢውሎ ድርሰቱን አንብቦ ያለ ርኅራኄ አጣጣለው፤ የፈላስፋው ሙዚቃ በእርግጥም ደካማ ነው። ክርክሩ ግን ደካማ አይደለም። ማንፍሬድ ትልቅነቱ ያለው ለሰማይም ለሲኦልም እጁን ባለመስጠቱ ከሆነ፣ በሞተ ማግሥት ዘማሪ ወይም ኦርጋን ጠርቶ ወደ ሰማይ መላክ፣ በሕይወት ሳለ እንቢ ያለውን ነገር በሬሳው ላይ መፈጸም ነው። ሰው ሊከበር የሚገባው በምርጫው ነው፣ ምርጫውን ደግሞ የሚያከብረው እስከ መጨረሻው ውጤት ድረስ የሚተወው ነው የሚል ሁሉ፣ ኒቼን ባይወድም እንኳ፣ በዚህ ነጥብ ከእርሱ ጋር ይቆማል።

ቻይኮቭስኪ በዚህ ላይ የራሱ ሃይማኖታዊ አቋም ነበረው። የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ቅዳሴ ለመዘምራን ያዜመ፣ የሌሊቱን ጸሎት የቀመረ፣ በሩሲያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ያደገ ሰው ነበር፤ እምነቱ ግን ያለ ጥርጣሬ አልነበረም። ማንፍሬድ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረበበት በ1886 መጀመሪያ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በብሉይ ኪዳን የሚፈራው አምላክና በወንጌል በሚገለጠው ክርስቶስ መካከል ስለሚሰማው ሰፊ ርቀት ጽፏል። በ1893፣ ሊሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ታላቁ መስፍን ኮንስታንቲን ኮንስታንቲኖቪች በአንድ ግጥም ላይ የፍትሐት ሙዚቃ እንዲደርስ ሲጠይቀው ደግሞ ያልተቀበለበትን አንድ ምክንያት በግልጽ አስረዳ፤ የፍትሐት ጸሎት ስለ ፈራጅ፣ ስለ ቀጪና ስለ ተበቃይ አምላክ አብዝቶ እንደሚናገር፣ እርሱ ግን በእንዲህ ያለ አምላክ እንደማያምን ጻፈለት። ደካሞችንና ሸክም የከበደባቸውን ወደ ራሱ የሚጠራውን የክርስቶስን ቃል ግን በደስታ እንደሚያዜም ጨመረ። ከዚህ ደብዳቤ አንጻር ሲታይ፣ የዲየስ ኢሬ ዜማ በማንፍሬድ መጨረሻ በታችኛው ድምፅ ብቻ ተሰምቶ የመጨረሻውን ቃል አለማግኘቱ ድንገተኛ አይመስልም።

ይህ የግል ስሜት ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ፣ በምሥራቁ ክርስትና ውስጥ ሥር ያለው መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በ7ኛው ምዕተ ዓመት ለነነዌ ኤጲስ ቆጶስነት ተሹሞ ሹመቱን ብዙም ሳይቆይ የተወው ማር ይስሐቅ፣ በኢትዮጵያ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር መጻሕፍተ መነኮሳት ተብለው ከሚታወቁት ሦስቱ መጻሕፍት አንዱ የእርሱ ስለሆነ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በሩሲያ ገዳማትም በሰፊው ይነበብ ነበር፣ ዶስቶየቭስኪም የካራማዞቭ ወንድማማቾች በተባለው ልቦለዱ ውስጥ መጽሐፉን በአንድ አገልጋይ እጅ አስቀምጦታል። ማር ይስሐቅ እግዚአብሔርን ሰው በሚያውቀው ሚዛን ፍትሐዊ ብሎ መጥራት አይገባም ይላል፤ ለበደለኛው የሚያደርገው ነገር ከሥራው ጋር የሚመጣጠን ስላልሆነ። የኩነኔም ሥቃይ ሌላ ሳይሆን የፍቅር ሥቃይ ነው፣ የወደዳቸውን መበደላቸውን ማወቃቸው ነው የሚያቃጥላቸው ብሎ ያስተምራል። ከዚህ አልፎ ኩነኔ ፍጻሜ ሊኖረው ይችላል የሚል ተስፋ የሚታይበት ሁለተኛው የጽሑፉ ክፍል ደግሞ በእንግሊዛዊው ሊቅ ሴባስቲያን ብሮክ በ1983 በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተገኝቶ በኋላ ታትሟል። ሆኖም ይህ ተስፋ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሆኖ አያውቅም፤ የጥንቱ ክርስቲያን ሊቅ ኦሪጀን ከጻፋቸው ሐሳቦች ጋር የተያያዘው፣ ፍጥረት ሁሉ ወደ እግዚአብሔር ይመለሳል የሚለው ትምህርት በ6ኛው ምዕተ ዓመት በምሥራቅ ሮም ግዛት ተወግዟል፤ ምሕረት በንስሓ ነው የሚለው መሠረትም አልተነቃነቀም።

ኢትዮጵያዊው አንባቢ በዚህ ላይ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ማሰቡ አይቀርም። በተአምረ ማርያም የሚተረከው ይህ ሰው ብዙ ነፍስ ያጠፋ ሆኖ ሳለ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ድውይ የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ተመዝኖ አዳነው። የሚዛኑ ትርጉም ምሕረት ከሥራ ጋር እንደማይመጣጠን ነው፤ ይሁን እንጂ በሚዛኑ ላይ አንድ ነገር፣ ጥርኝ ውኃም ቢሆን፣ መቀመጥ ነበረበት። ማንፍሬድ በሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው ምን አለው? ከባይረን ጽሑፍ ውስጥ ሊጠቀስ የሚችለው ሁለት ነገር ነው፤ ለአስታርቴ ያቀረበው ያልተመለሰ ልመናና በሞት ሰዓት የዘረጋው እጅ። እጁን መዘርጋቱ ንስሓ አይደለም፤ ብቻውን ላለመሞት የፈለገ ሰው ያደረገው ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን ብቻውን መሞት አለመፈለጉ ራሱ፣ ራሱን ለራሱ የሚበቃ ዓለም አድርጎ ሲናገር ከኖረ ሰው የተገኘ ትንሽ ነገር አይደለም። ኒቼ ስለዚህች እጅ ዝም ማለቱ የክርክሩ ትልቁ ጉድለት ነው።

ቻይኮቭስኪ ግን ያችን እጅም አልተጠቀመባትም። በሲምፎኒው ውስጥ አበምኔቱ የለም፤ በማብራሪያው ስሙ አይጠቀስም፣ ዜማ አልተሰጠውም። ሊያማልድ የመጣው ሰው ከታሪኩ ወጥቶ በምትኩ የገዳሙ መሣሪያ የሆነው ኦርጋን ብቻ ገባ። እዚህ ላይ አንድ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ፤ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በአምልኮ ጊዜ ምንም ዓይነት የሙዚቃ መሣሪያ አትጠቀምም፣ የሰው ድምፅ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ቻይኮቭስኪ ለማንፍሬድ የሰጠው ምሕረት በራሱ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ አልተነገረም፤ የተነገረው በካቶሊካዊው አበምኔት ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ነው፤ የቁጣው ቀን ዜማም ከዚያችው ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። ፍርዱና ምሕረቱ በአንድ የእንግዳ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ ቀማሪው በመካከላቸው ሆኖ አንዱን መረጠ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መምጣት ይቻላል። ቻይኮቭስኪ ባይረንን ከዳው የሚለው ክስ የሚቆመው የማንፍሬድ እንቢታ በሙዚቃ ሊነገር ይችል እንደነበር ከታሰበ ብቻ ነው፤ እንቢታ ግን የቃል ሥራ ነው። ሰው አንድን ነገር አልቀበልም የሚለው የቀረበለት ነገር ምን እንደሆነ ሲታወቅ፣ የሚያቀርበውም ወገን ሲታወቅ ነው፤ በባይረን ግጥም ውስጥ ማንፍሬድ ለመናፍስቱ፣ ለአዳኙ፣ ለአሪማኔስና ለአበምኔቱ የሚመልሰው መልስ ሁሉ በንግግር የተሠራ ነው፣ ታላቅነቱም በንግግሩ ነው። ኦርኬስትራው ቃሉን ሲያነሣለት እንቢታውም አብሮ ይነሣል፤ የሚቀረው ያ ቁልቁል የሚወርድ ዜማ ነው፣ ዜማው ደግሞ ይቆጣል፣ ይለምናል፣ ይደክማል እንጂ አልሰግድም ማለት አይችልም። በሌላ አነጋገር፣ ቃል የነበረው ትዕቢተኛ፣ ቃል ሲነጠቅ መከረኛ ይሆናል። ለትዕቢተኛው ክብር መስጠት ይገባል፤ ለመከረኛው ግን የሚገባው ክብር ብቻ አይደለም። ቻይኮቭስኪ የማንፍሬድን ነጻ ፈቃድ አልጣሰም፤ የመረጠው ጥበብ ነጻ ፈቃዱን የሚያሰማበት መንገድ አልነበረውም።

የቪየናው ሐያሲ ኤድዋርድ ሀንስሊክ በ1854 ባሳተመው መጽሐፉ ሙዚቃ የተወሰነ ሐሳብ ሊይዝ አይችልም፣ ይዘቱ በድምፅ የሚንቀሳቀስ ቅርጽ ብቻ ነው ሲል ተከራክሯል። ይህ እውነት ከሆነ ኦርጋኑ ምሕረት አይደለም፣ በሜጀር ቅኝት የተጫወተ ትልቅ ድምፅ ብቻ ነው፤ የማንፍሬድ መዳንም አድማጩ ራሱ የጨመረው ነው። ሀንስሊክ ግማሽ መንገድ ትክክል ነው፤ ሙዚቃ እንቢታን መናገር እንደማይችል ከላይ የተባለውም ከእርሱ ሐሳብ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ኦርጋን ለአውሮፓ ጆሮ ባዶ ድምፅ አይደለም፤ ለዘመናት በቤተ ክርስቲያን ሲሰማ የኖረ ድምፅ ነው፣ ዲየስ ኢሬም እንዲሁ። ሙዚቃ በሐሳብ መከራከር ባይችልም፣ የጸሎትን ቦታ መጥራት ይችላል፤ ሲጠራም ያ ቦታ ከነትርጉሙ ይመጣል። ምናልባት የሙዚቃ ልዩ ድርሻ ይህ ይሆናል፦ ምሕረትን ማስረዳት አይችልም፣ ማስረዳት ባለመቻሉም ምክንያት አይጠይቅም። በማር ይስሐቅ ትምህርት ውስጥ ምሕረት ከምክንያት በላይ መሆኑ የሚነገረው በቃል ስለሆነ ሁልጊዜ ተቃዋሚ ያገኛል፤ በኦርጋኑ ውስጥ ግን ተቃውሞ የሚያርፍበት ቦታ የለም፣ ይህም ጥንካሬው ነው፣ ለተጠራጣሪው ደግሞ ደካማነቱ።

የኦርኬስትራ መሪዎች ይህን ፍጻሜ በአንድ መንገድ አልተቀበሉትም። አርቱሮ ቶስካኒኒ ሲምፎኒውን እጅግ ይወድ ነበር፣ ሆኖም በ1949 ከኤን.ቢ.ሲ. ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ባስቀረጸው ቅጂ ላይ ከመጨረሻው ክፍል ብዙ ቆርጦ ጥሏል። ሌሎች ደግሞ ከዚህ አልፈው ኦርጋኑን ጨርሶ ትተው፣ የመጀመሪያውን ክፍል በቁጣ የሚጨርሱትን ገጾች በመጨረሻ ደግመው ያስጫውታሉ፤ በዚህ ዓይነት ማንፍሬድ እንደ ተወለደ ሳይታረቅ ይሞታል። ይህ ድፍረት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ቀማሪው ራሱ በ1888 ለታላቁ መስፍን ኮንስታንቲን በጻፈው ደብዳቤ ከመጀመሪያው ክፍል በቀር ሲምፎኒውን እንደሚጠላው፣ ሌሎቹን ሦስት ክፍሎች አጥፍቶ የመጀመሪያውን ብቻ ሲምፎኒያዊ ግጥም ሊያደርገው እንደሚያስብ ገልጾ ነበር። አሳቡን ቢፈጽም ኖሮ ኦርጋኑም ምሕረቱም አብረው በጠፉ ነበር። አልፈጸመውም፤ ለምን እንዳልፈጸመው ከሥራው መገመት እንጂ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ከ1893ቱ ደብዳቤ ጋር ሲነጻጸር ግን የጠላው ሙዚቃውን እንጂ ምሕረቱን አይመስልም። የድምፅ ቅጂ በዚህ ክርክር ላይ የሚጨምረው ነገር አለው፦ በኮንሰርት አዳራሽ ፍርዱ በአንድ ምሽት ተሰምቶ ያልፋል፣ በቅጂ ላይ ግን የአንድ መሪ ምርጫ ይጸናል፤ አድማጩም ቶስካኒኒን፣ ፔትሬንኮንና ኦርጋኑን የተዉትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማን እንደማረና ማን እንዳልማረ ይመረምራል።

የሊቨርፑሉ ሲዲ ቮየቮዳን ማካተቱ ክርክሩን ከሌላ አቅጣጫ ያመጣዋል። ቮየቮዳ በጥንቷ ፖላንድ የአውራጃ ገዢ ወይም የጦር አዛዥ ማለት ነው። ፑሽኪን፣ ቅድመ አያቱ አብራም ሀኒባል ስለነበረ ኢትዮጵያውያን እንደ ወገን የሚቆጥሩት፣ የሀኒባል ትውልድ ቦታ ግን ሊቃውንትን እስከ ዛሬ የሚያከራክር ባለቅኔ፣ ታሪኩን በ1833 ወደ ሩሲያኛ መልሶታል። ሽማግሌው ገዢ ከዘመቻ በሌሊት ሲመለስ ወጣት ሚስቱን በአትክልት ስፍራ ከቀድሞ ወዳጇ ጋር ያገኛታል፤ አገልጋዩንም ሚስቱን እንዲተኩስ ያዘዋል፤ አገልጋዩ ግን ጠብመንጃውን አዙሮ ጌታውን ይገድለዋል። የቻይኮቭስኪ ሙዚቃ የሚጀምረው በፈረስ ግልቢያ ሲሆን፣ በመካከሉ ለሁለቱ ወዳጆች የሚጫወተው ቼሌስታ የተባለው እንደ ደወል የሚጮህ ባለቁልፍ መሣሪያ ነው፤ በኋላ በኑትክራከር ባሌ ውስጥ ዝነኛ ያደረገውን ይህን መሣሪያ ቀማሪው የተጠቀመበት በመጀመሪያ በዚህ ሥራ ላይ ነበር። ከጥይቱ በኋላ የሚከተለው ሙዚቃ አጭርና ጨለማ ነው፤ ማንም አያዝንም፣ ማንም አያማልድም፣ ኦርጋንም አይሰማም።

እዚህ ላይ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነት ይታያል። ማንፍሬድ ራሱን ብቻ የከሰሰ ሰው ነበር፤ ሌላ ማንንም ለመቅጣት አልተነሣም፣ ዕዳውን ሁሉ በራሱ ላይ ቆጠረ። ቮየቮዳው ደግሞ ባልነቱና ሥልጣኑ በሰጡት መብት ፈራጅ ሆኖ ተነሣ፤ ሕጉም ከእርሱ ጋር ነበር። ቻይኮቭስኪ ለመጀመሪያው ያልለመነውን ሰላም ሰጠው፣ ለሁለተኛው አንዲት የርኅራኄ ድምፅ እንኳ አልጨመረለትም። በፈራጅ አምላክ እንደማያምን በኋላ የሚጽፈው ሰው፣ በሙዚቃው ውስጥ ምሕረት ከነሣቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ፈራጅ መሆኑ ከወጥነቱ ይሁን ከተቃርኖው አጠያያቂ ነው፤ ምሕረት ያልለመነን የሚምር ልብ ሊምረው የማይችለው ምሕረት ነሺውን ብቻ ከሆነ፣ እርሱም ራሱ በፈራጅነት ወንበር ላይ ተቀምጧል ማለት ይሆናል። ቮየቮዳ በኅዳር 1891 በሞስኮ በቀማሪው መሪነት ከቀረበ በኋላ ቻይኮቭስኪ ሥራው አልሆነም ብሎ ሙሉ የኖታ ጽሑፉን አጠፋው፤ ኮንሰርቱን ያዘጋጀው ፒያኒስት አሌክሳንደር ዚሎቲ ግን ተጫዋቾቹ የተጠቀሙባቸውን የየመሣሪያውን ኖታዎች ደብቆ አስቀመጠ፣ ቀማሪው ከሞተ በኋላም ከእነርሱ ተነሥቶ ሥራው እንደገና ተሰብስቦ በ1897 ታተመ፤ ሊቨርፑል ላይ የተቀዳው ያ ነው።